ከሌንባኽሃውስ እስከ ሙርናው፦ የጋብሪኤለ ሙንተርን ዱካ ተከትሎ

ሐሙስ

ለዚህ ጉዞ ከፍራንክፈርት ያስነሣኝ አንድ ሙዚየም ነው። ሙኒክ ሥዕል ለሚወድ ሰው ደጆቿ ብዙ ናቸው፤ የዱሬርና የሩበንስ ሥራዎች ያሉበት አልቴ ፒናኮቴክ አለ፣ የዘመናዊ ጥበብ ፒናኮቴክም ከእሱ አይርቅም። የእኔ ልብ ግን የቆመው ከተማዋ ራሷ በምታስተዳድረው ሌንባኽሃውስ ላይ ነበር። «ሰማያዊው ፈረሰኛ» በሚባለው ስም የሚታወቁት ሠዓሊዎች ሥራ ከየትኛውም የዓለም ክፍል በላይ ተሰብስቦ የሚገኘው እዚያ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሥዕል ከሚታየው ነገር ተላቅቆ በቀለም ብቻ መናገር የጀመረበትን ወቅት በአንድ ጣሪያ ሥር ማየት ለሚፈልግ፣ ከዚህ የተሻለ ቤት አላውቅም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ባቡሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ወሰደ። ጣቢያው ላይ የተቀበለኝ ሙኒክ የሚኖር ሠዓሊ ጓደኛዬ ነው፤ አዲስ አበባ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ሥዕል ፊት ሲቆም ከሥዕሉ በፊት ሸራውንና ቀለሙን የሚመረምር ሰው። «ሐሙስ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው፤ ሻንጣህን አስቀምጠን አሁኑኑ እንሂድ» አለኝ። ከጣቢያው እስከ ሙዚየሙ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ነው።

ቤቱ መጀመሪያ ሙዚየም አልነበረም። ፍራንዝ ፎን ሌንባኽ የተባለው ባለጸጋ ሠዓሊ በ1887 እና በ1891 መካከል ያሠራው መኖሪያና የሥራ ቤቱ ነው። የነደፈው ጋብሪኤል ፎን ዛይድል ሲሆን፣ አሠራሩ የጣሊያን መሳፍንት ቪላ እንዲመስል ታስቦ ነው፤ ቢጫ ግድግዳ፣ የተከረከመ አትክልት፣ መካከሉ ላይ ፏፏቴ። ከጎኑ ደግሞ የአርክቴክቱ የኖርማን ፎስተር ድርጅት ከ2009 እስከ 2013 ባደረገው እድሳት የተጨመረው አዲሱ ክፍል ይታያል። እሱ ከላይ እስከ ታች ወርቅማ ቀለም ባላቸው የብረት ቱቦዎች ተሸፍኗል። ምሽት ላይ የመንገዱ መብራት ሲያርፍበት ቱቦዎቹ አንዴ ወርቅ አንዴ መዳብ ይመስላሉ። አዲሱ ከአሮጌው ቢጫ ጋር ሳይጣላ፣ ሳይመስለውም የቆመ ሕንጻ ነው፤ እኔ ወድጄዋለሁ። ሲገቡ ከጣሪያው የኦላፉር ኤሊያሰን የብርጭቆና የብረት ጠመዝማዛ ተንጠልጥሎ ይቀበላል፤ ብርሃኑን በግድግዳው ላይ ሰባብሮ ይበትነዋል።

ያን ምሽት ያየነው የሌንባኽን የራሱን ክፍሎች ነው። ጨለም ያሉ፣ በወርቅ ቅብና በከባድ መጋረጃ የታጨቁ ናቸው። ሰውየው በዘመኑ ቢስማርክን ደጋግሞ የሣለ፣ ሊቃነ ጳጳሳትና ነገሥታት ደጁን የሚጠኑት ሠዓሊ ነበር። በ1903 ራሱን ከሚስቱና ከሁለቱ ሴት ልጆቹ ጋር የሣለው ሥዕል እዚያው አለ፤ አራቱም ዓይናቸውን ወደ ተመልካቹ አፍጥጠዋል። «ይኼ ከፎቶግራፍ የተገለበጠ ነው» አለ ጓደኛዬ ገና እንዳየው፤ እውነቱን ነው፣ ሌንባኽ በፎቶግራፍ እየታገዘ ይሠራ ነበር። ሥዕሉ በተሠራ በዓመቱ ሞተ። መበለቲቱ ቤቱን በ1924 ለከተማዋ ሸጠችው፤ በ1929 የከተማ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። እስከ 1957 ድረስም የሙኒክ ሠዓሊዎችን ሥራ የያዘ፣ ከአገሩ ውጭ ብዙ የማይታወቅ ቤት ነበር።

በ1957 ምን ሆነ? ከሰማያዊው ፈረሰኛ ሠዓሊዎች አንዷ የሆነችው ጋብሪኤለ ሙንተር ሰማንያ ዓመት ሞላት። ለልደቷ ስጦታ የተቀበለችው እሷ ሳትሆን ከተማዋ ናት፤ ከሺህ በላይ ሥራዎችን አስረከበች። ከነሱ ውስጥ የቀድሞ ወዳጇ የሠዓሊው የካንዲንስኪ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ብቻ ወደ ዘጠና ይጠጋሉ። በአንድ ቀን ይህ ሙዚየም የዓለም ሙዚየም ሆነ። እኔ የመጣሁት ይህችን ሴት ፍለጋ ነው።

ዓርብ

ሙዚየሙ የሚከፈተው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ስለሆነ አስቀድመን ኮኒግስፕላትዝ አደባባይን ዞርን። ሌንባኽሃውስ የሚገኘው አደባባዩ ጫፍ ላይ ነው። ንጉሥ ሉድቪግ አንደኛ ያሠራቸው የግሪክ ቤተ መቅደስ የሚመስሉ ሕንጻዎች ከበውታል፤ ሣሩ ለምለም፣ ሰዉ ጥቂት፣ ተማሪዎች ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ቁርሳቸውን ይበላሉ። ግንቦት 10 ቀን 1933 መጻሕፍት የተቃጠሉት እዚህ ነው። የናዚ ፓርቲ ዋና ጽሕፈት ቤት በዚሁ አካባቢ ነበር፤ ዛሬ በቦታው የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያሳይ የሰነድ ማዕከል ቆሟል።

ይህን የምጽፈው ከሥዕሎቹ ጋር ስለሚያያዝ ነው። በሐምሌ 1937 በዚህችው ከተማ «የዘቀጠ ጥበብ» የተባለ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ከጀርመን ሙዚየሞች የተነጠቁ ዘመናዊ ሥዕሎች ሕዝብ እንዲሳለቅባቸው ተጣብበው፣ ተንጋደው፣ የስድብ ጽሑፍ ግድግዳው ላይ ተጽፎባቸው ተሰቀሉ። ከሰማያዊው ፈረሰኛ ሠዓሊዎች አንዱ የሆነው የፍራንዝ ማርክ «የሰማያዊ ፈረሶች ግንብ»ም ከነሱ አንዱ ነበር። የቀድሞ መኮንኖች ማኅበር «ማርክ ለጀርመን ሲዋጋ የሞተ ወታደር ነው» ብሎ ቢቃወም ሥዕሉ ከዐውደ ርእዩ ተነሣ፤ ከ1945 ወዲህ ግን የገባበት አልታወቀም። የካንዲንስኪም ሥራዎች እዚያው ተሰቅለው ተሰድበዋል። ያን ጊዜ ከሙኒክ የአንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ቦታ፣ አንዲት ሴት የዚሁ የተሰደበ ጥበብ ትልቁን ክምችት በቤቷ ምድር ቤት ይዛ ተቀምጣ ነበር።

ሰማያዊዎቹ ፈረሰኞች ያሉት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው የማርክ «ሰማያዊ ፈረስ» ነው፤ በ1911 የተሣለ። ግልገል ፈረስ አንገቱን ወደ ጎን ሰበር አድርጎ ቆሟል፣ ጋማው ወደ ጥቁር ያደላ ሰማያዊ፣ ከኋላው ያሉት ኮረብቶች ቀይና ቢጫና ወይን ጠጅ። እኛ አገር ፈረስ ዳማ ነው፣ አምባላይ ነው፣ ቡላ ነው፤ ሰማያዊ የሚባል የለም። ግን እፊቱ አንድ አምስት ደቂቃ የቆመ ሰው ቀለሙን መጠየቅ ይተዋል። ማርክ ሰማያዊን የመንፈስና የጽናት፣ ቢጫን የገርነትና የደስታ፣ ቀይን የከባድ ሥጋ ቀለም አድርጎ ያስብ እንደነበር ለጓደኛው ለሠዓሊው አውጉስት ማከ በጻፈው ደብዳቤ ገልጿል። ፈረሱ ሰማያዊ የሆነው ፈረስን እንደ ሰው ከውጭ ሳይሆን ፈረሱ ራሱን እንደሚሰማው ሊሥለው ስለፈለገ ነው። ከጎኑ ያለው በ1912 የተሣለው «ነብር» ሌላ ነገር ነው፤ ቢጫና ጥቁሩ እንደ ተሰነጠቀ ድንጋይ ባለ ጠርዝ ናቸው፣ አንገቱን ዘወር ሲያደርግ ክፍሉ ውስጥ የገባውን ሁሉ የሚያይ ይመስላል።

ከዚያ የካንዲንስኪ ክፍሎች ይቀጥላሉ። ቫሲሊ ካንዲንስኪ ሠላሳ ዓመቱ ላይ የሕግ መምህርነትን ትቶ በ1896 ከሞስኮ ሙኒክ የመጣ ሰው ነው። የሙዚየሙ ታላቅ ጸጋ ሥዕሎቹን በተከታታይ ማሳየቱ ነው፤ ዓይን ራሱ ታሪኩን ይከተለዋል። በ1908 እና በ1909 የሣላቸው ሙንተር ቤት የገዛችባት የትንሿ ከተማ የሙርናው መንገዶችና ባቡር ናቸው፤ ቤቱ ቤት ነው፣ ባቡሩ ባቡር ነው፣ ቀለሙ ብቻ ይጮኻል። በ1910 የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ዘመም ይላል፣ ተራራውና ደመናው ይቀላቀላሉ። በ1911 «ኢምፕረሽን 3» ላይ ሲደረስ ነገሩ ያልቃል፤ ግማሹን ሥዕል የሞላ ቢጫ፣ ከላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ቅርጽ፣ ከግራ ያጎነበሱ የሚመስሉ ሰዎች። ጥቁሩ ፒያኖ ነው፣ ቢጫው ሙዚቃው ነው። ጥር 2 ቀን 1911 ካንዲንስኪ ከጓደኞቹ ጋር የሙዚቃ ደራሲውን የአርኖልድ ሾንበርግን ሥራ ሙኒክ ውስጥ ሰምቶ ከወጣ በኋላ የሣለው ነው። ጓደኛዬ ከዚህ ሥዕል ፊት ብዙ ቆየ። «ቢጫው ወደ ሰው ይመጣል እኮ፤ ሌላ ቀለም ቢሆን ወደ ኋላ ይሸሽ ነበር» አለ።

እኔን ያቆመኝ ግን ጊዮርጊስ ነው። በአንዱ ክፍል ውስጥ ትንንሽ የመስታወት ሥዕሎችና ለ1912ቱ «ሰማያዊው ፈረሰኛ» መጽሐፍ ሽፋን የተሠሩ የውሃ ቀለም ረቂቆች አሉ። የመጨረሻው ሽፋን በሰማያዊና በጥቁር የታተመ ነው፤ ፈረሰኛው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ከእግሩ ሥር የተጠመዘዘ ጅራት አለ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ አንዲት የታሰረች ትንሽ ሰው። ለጀርመናዊው ተመልካች ማብራሪያ ያስፈልገው ይሆናል፤ ለእኛ አያስፈልግም። ፈረሱ፣ ዘንዶው፣ ድንግሊቱ ብሩታዊት። የእኛ ሠዓሊ ዛፍ ላይ ያስቀምጣታል፣ ካንዲንስኪ ታች አስሯታል፤ ሌላው ሁሉ ያው ነው። ካንዲንስኪ በኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሩሲያዊ ነው፤ ቅዱሱን ከሕፃንነቱ ያውቀዋል። ሙኒክ ወዳለችበት ክልል ወደ ባየርን ገጠር ሲመጣ ደግሞ ገበሬዎቹ በመስታወት ላይ የሣሉትን ጊዮርጊስ አገኘ። ሁለቱ ተገናኝተው የዘመናዊ ሥዕል ዓርማ ሆኑ። ዘመናዊነት ሃይማኖታዊ ሥዕልን ጥሎ የመጣ ነገር ነው ብሎ ለሚያስብ ሁሉ ይህን ክፍል እንዲያይ እመኝለታለሁ።

መጽሐፉን ያዘጋጁት ካንዲንስኪና ማርክ ናቸው። በውስጡ የሕፃናት ሥዕል፣ የባየርን የመስታወት ሥዕል፣ የጃፓን ኅትመት፣ ከካሜሩን የመጣ የእንጨት ቅርጽ ከሴዛንና ከፒካሶ ሥራዎች ጋር እኩል ተቀምጧል። በ1912 አውሮፓ ውስጥ አፍሪካዊውን ቅርጽ ከሴዛን ጎን ማስቀመጥ ቀላል ድፍረት አልነበረም። የጠራቢው ስም አለመጻፉ ግን ቅር ያሰኘኛል፤ የሴዛን ስም ተጽፏል።

ቡድኑ የተወለደው ከጠብ ነው። በታኅሣሥ 1911 መጀመሪያ የሙኒክ አዲሱ የሠዓሊያን ማኅበር የካንዲንስኪን «ኮምፖዚሽን 5» ከአራት ካሬ ሜትር ይበልጣል በሚል ሰበብ ከዐውደ ርእዩ አገደው። ካንዲንስኪ፣ ማርክና ሙንተር ስብሰባውን ጥለው ወጡ። ታኅሣሥ 18 ቀን በዚያው በታንሃውዘር ጋለሪ፣ ከማኅበሩ ዐውደ ርእይ ጎን ባለው አዳራሽ የራሳቸውን ከፈቱ። ያ አዳራሽ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ የምናውቀው ሙንተር ካሜራዋን ይዛ ስለገባች ነው። ፎቶዎቹ ላይ ሥዕሎቹ እንዴት እንደተሰቀሉ አንድ በአንድ ይታያል።

ሙንተር ካሜራ የጀመረችው ቀድማ ነው። በሃያዎቹ መጀመሪያ ከእኅቷ ጋር አሜሪካ ሄዳ ከ1898 እስከ 1900 በቴክሳስ፣ በአርካንሳስና በሚዙሪ ያሉ ዘመዶቿን እየጎበኘች ብዙ ፎቶግራፍ አንስታለች። ስትመለስ ሥዕል ለመማር ሙኒክ መጣች፤ የሙኒክ አካዳሚ ግን እስከ 1920 ድረስ ሴት ተማሪ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ የግል ትምህርት ቤት ገባች፤ በ1902 ከመምህሮቿ አንዱ ካንዲንስኪ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ ነጥብ ጀምረው ተማሪው፣ ወዳጁ፣ የሥዕሎቹ ጠባቂ እያሉ ይጠሯታል። እኔ ደግሞ የእሷን ግድግዳ ካየሁ በኋላ አጥብቄ የምለው አለኝ፦ ካንዲንስኪ የሚባል ሰው ባይኖርም ይህች ሴት ትልቅ ሠዓሊ ናት።

በ1909 የሣለችው የማሪያነ ቬሬፍኪን ምስል በቤቱ ካሉት ሁሉ የምመርጠው ነው። ቢጫ መደብ፣ አበባ የተከመረበት ሰፊ ባርኔጣ፣ ወይን ጠጅ የአንገት ልብስ፣ ትከሻዋን አዙራ ቀጥ ብላ የምታይ የሃምሳ ዓመት ጎረምሳ የመሰለች ሴት። በጥቂት መስመር የሴትዮዋን ኩራት፣ ዕውቀት፣ ተጫዋችነት ሁሉ አስገብታዋለች። ቬሬፍኪን ራሷ ኃይለኛ ሠዓሊ ናት፤ በ1910 ገደማ ራሷን የሣለችበት፣ ዓይኖቿን ቀይ ያደረገችበት ሥዕል እዚሁ አለ። ሁለቱን ፊት ለፊት ማየት ሁለት ሰዎች ስለ አንዲት ሴት ሲመሰክሩ የመስማት ያህል ነው። ሌላው «ያውሌንስኪና ቬሬፍኪን» ነው፤ ሁለቱ ሠዓሊዎች አረንጓዴ መስክ ላይ ጋደም ብለዋል፣ ፊታቸው ላይ ዓይንም አፍንጫም የለም፣ ግን አቀማመጣቸው ማን እንደሆኑ ይናገራል። «ካንዲንስኪና ኤርማ ቦሲ ጠረጴዛ ላይ» የሚለው ደግሞ ካንዲንስኪን ጣቱን አንሥቶ ሲያስረዳ፣ ሴቲቱን ክርኗን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ስትሰማ ያሳያል። የሰውየውን ፍልስፍና በብዙ ገጽ ካነበብኩት ይልቅ በዚያ ጣት ውስጥ ሰማሁት።

ጓደኛዬ ወደ ቬሬፍኪን ምስል ተመልሶ ጠርዙ ላይ ጎንበስ ብሎ «ይኼ ሸራ አይደለም፣ ካርቶን ነው። በሩጫ ነው የሠራችው፤ የካርቶኑ ቀለም ራሱ በመስመሮቹ መካከል ይታያል» አለኝ። ከዚያ ወፍራሙን ጥቁር ዙሪያ መስመር አሳየኝ። «ከመስታወት ሥዕል የተማሩት ነው። ነገ ሙርናው ስንሄድ አሳይሃለሁ።»

ቅዳሜ

ወደ ጋርሚሽ የሚሄደው ባቡር ሙርናው የሚደርሰው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዕለቱ ከአልፕስ ተሻግሮ የሚወርደው ሞቃት ነፋስ የሚነፍስበት ነበር፤ ባየርኖች ራስ ያሳምማል ብለው ይጠሉታል፤ ግን አየሩን አጥርቶ ተራሮቹን ያቀርባቸዋል። ከባቡሩ ስንወርድ ተራሮቹ እንደ ቅብ ሰማያዊ ሆነው ከረግረጉ ማዶ ቆመው ነበር። ሠዓሊዎቹ ሰማያዊውን ያጋነኑ ይመስለኝ ነበር፤ አላጋነኑም።

የከተማዋ ዋና መንገድ ቤቶች አንዱ ሮዝ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ አረንጓዴ ናቸው። ይህን መልክ የሰጣት ኤማኑኤል ፎን ዛይድል ነው፤ ሌንባኽሃውስን የነደፈው የጋብሪኤል ወንድም። ካንዲንስኪ፣ ሙንተር፣ ያውሌንስኪና ቬሬፍኪን በ1908 በአውሮፓ በጋ እዚህ ሲመጡ አዲስ የተቀባ መንገድ ጠበቃቸው። ሙንተር በኋላ እንደጻፈችው ተፈጥሮን ከመቅዳት ተነሥታ የነገሩን ፍሬ ወደ መሣል የዘለለችው በዚያ ጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው።

የሙንተር ቤት ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ ነው። የምትከፈተው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለውን የከተማዋን ሙዚየም አየን። የመስታወት ሥዕሎቹ ያሉት እዚያ ነው። በዚህ አካባቢ ገበሬዎች ቅዱሳንን በመስታወት ጀርባ ይሥሉ ነበር፤ ሥዕሉ ከፊት ሲታይ መስታወቱ ራሱ መጠበቂያው ነው። ያውሌንስኪ መጀመሪያ አገኘው፣ ሙንተር ከመንደሩ የመጨረሻ የመስታወት ሠዓሊ ከሃይንሪኽ ራምቦልድ ተማረችው፣ ለካንዲንስኪና ለማርክም ደረሰ። ጓደኛዬ ያቆየልኝ ትምህርት ይህ ነበር፦ «በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጥቁሩ መስመር መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይጠነክራል። እዚህ ግን ከጀርባ ስለሚሣል ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። መስመሩን መጀመሪያ ታስቀምጣለህ፣ ዓይኑን፣ የልብሱን ጥለት፤ መደቡን መጨረሻ ትቀባለህ። ከተሳሳትክ የምታርመው የለም። ስለዚህ መስመሩ ቆራጥ ነው፣ ቀለሙም አይደባለቅም።» የትናንቱን የቬሬፍኪን ምስል አሰብኩት፤ በካርቶን ላይ ነው የተሣለው፣ ሎጂኩ ግን የመስታወት ነው።

ቤቷ ትንሽ ናት። ሙንተር የገዛቻት በ1909 ነው፤ የመንደሩ ሰው «የሩሲያውያን ቤት» ይላት ነበር። ደረጃውን ካንዲንስኪ ቀብቶታል፤ ከጎኑ የሚጋልቡ ፈረሰኞችና አበቦች እየተከታተሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። ቁምሣጥኖቹን፣ ወንበሮቹን፣ አልጋውን ሁለቱም በእጃቸው ቀብተዋል። ከመስኮቱ ሐዲዱ፣ ከዚያ ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብና ቤተ መንግሥቱ ይታያሉ፤ ትናንት ሙዚየሙ ውስጥ ያየሁት የባቡሩ ሥዕል የተሣለው ከዚህ በኩል ነው። እኛ መስኮቱ ላይ ቆመን ሳለ ባቡር አለፈ፤ ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ከሥዕሉ ፎቶ ጋር አስተያየው። ግንቡም ዛፉም በቦታው ናቸው።

ጦርነቱ በ1914 ሲነሣ ካንዲንስኪ የጠላት አገር ዜጋ ሆነ፤ ጀርመንን ለቆ ወጣ። በስቶክሆልም እስከ 1916 መጋቢት ድረስ ተያዩ፣ ከዚያ ወዲህ አልተገናኙም። እሱ በ1917 ሌላ ሴት አገባ። ሙንተር ለዓመታት ብሩሽ የጨበጠችው ጥቂት ነው። በ1920ዎቹ ካንዲንስኪ ሥዕሎቹን ጠየቀ፤ የተወሰኑት ተላኩለት፣ የቀሩት በስምምነት በእጇ ቀሩ። በ1931 ወደዚህ ቤት ተመልሳ ገባች፣ ኋላም ዮሐነስ አይሽነር የተባለ የጥበብ ታሪክ ምሁር አብሯት ኖረ።

ምድር ቤቱን ማየት ነበረብኝ። ተራ የገጠር ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ። ናዚ በነበረበት ዘመን ሁሉ፣ ጦርነቱም ሲካሄድ፣ ያ ሁሉ የካንዲንስኪ ሥራ፣ የጓደኞቿም፣ የራሷም እዚህ ነበር። ቤቱ ተፈትሾ ሳይገኝ ቀረ። ብትያዝ ምን እንደሚደርስባት ታውቃለች። ከዚህም በላይ የከበደኝ ሌላው ነው፤ የተዋትን ሰው ሥዕል ነው በሕይወቷ የጠበቀችው። በችግር ጊዜ ጥቂቶቹን ሸጣ ተመችቷት መኖር ትችል ነበር። ያደረገችው ሳይበተን አቆይቶ፣ የሌንባኽሃውሱ ኃላፊ ሃንስ ኮንራድ ሮቴል መጥቶ ሲያነጋግራት በሙሉ ለሕዝብ መስጠት ነው። ለፍቅር ብላ ነው የሚሉ አሉ። እኔ የሠዓሊ ውሳኔ ይመስለኛል፤ እዚያ ምድር ቤት ያለው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አልነበረም፣ እሷም የሠራችው ዘመን ነበር። ካንዲንስኪ ከ1908 እስከ 1914 ያደረገውን እርምጃ ያለ እሷ ክምችት ዛሬ ማንም እንዲህ በተርታ ሊያየው አይችልም ነበር።

በ1962 እዚሁ ቤት ሞተች። መቃብሯ በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ ስንመለስ ጎራ ብለን አየነው።

እሑድ

ዛሬ ባቡሬ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱን ያላየናቸውን ክፍሎች አየን። ኩንስትባው የተባለው ሁለተኛው አዳራሽ ከሙዚየሙ ፊት ለፊት፣ በምድር ባቡሩ ጣቢያ ውስጥ፣ ሐዲዱ ላይ ባለ ረጅም ክፍተት የተሠራ ነው፤ በ1994 የተከፈተ። የተረሳ ቦታን ለኅብረተሰብ እንዲህ መጠቀም አዲስ አበባም ብትማረው ደስ ይለኛል። ከጦርነቱ በኋላ ያሉትን ክፍሎች፣ የጀርመናዊውን አርቲስት የዮዜፍ ቦይስንም ሥራዎች፣ በፍጥነት አለፍናቸው፤ ለእነሱ ሌላ ጉዞ ያስፈልጋል።

የቀረውን ጊዜ ለአውጉስት ማከና ለፖል ክሌ ሰጠነው። ማከ የፓርክ ሰዎችን፣ የእንስሳት ማቆያውን በቀቀኖች፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶችን ብርሃን አጥምቆ ይሥላል። በሚያዝያ 1914 ከክሌ ጋር ቱኒዚያ ሄደ፤ ክሌ ከቀለም ጋር የታረቀው በዚያ ጉዞ እንደሆነ በማስታወሻው ጽፏል። በመስከረም ማከ ሻምፓኝ ግንባር ላይ ተገደለ፤ 27 ዓመቱ ነበር። ማርክ በመጋቢት 1916 ቬርደን አጠገብ በፈረስ ለቅኝት በወጣበት የመድፍ ፍንጣሪ ገደለው፤ 36 ዓመቱ። ቀናቱን ከመግለጫው ላይ አንብቤ ወደ «ሰማያዊ ፈረስ» ስዞር የሥዕሉ ሠዓሊ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ገደማ ብቻ እንደኖረ አሰብኩ።

ከክሌ የ1920 «የጽጌረዳ አትክልት» ፊት ጓደኛዬ ስለ ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን አነሣ። እስክንድር በፓሪስ ዓመታቱ ክሌን አጥብቆ ያጠና ነበር፤ እነዚያ እንደ ሐረግ የሚጠላለፉ ትንንሽ ቅርጾች፣ የሚበሩ ፍጥረታት፣ ከክታብና ከብራና ሥዕል ጋር ተዋሕደው የእሱ ሆኑ። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ኮሎኝ ሲማር የጀርመን ኤክስፕረሽኒስቶችን በቅርብ ዓይቷል፤ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ላይ «ይኼ ምን ሥዕል ነው?» ሲባል የነበረው የዚህ ወንዝ ውኃ ነው። እሱም አገሩን ለቆ በ1981 ኦክላሆማ ውስጥ ሞተ፤ ጀርመን የቀሩ ሥዕሎቹ ግን በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው ስድስት ኪሎ በስሙ በተሰየመው ማዕከል ይታያሉ። እነሱንም ጠብቆ ያቆየ ሰው ነበር። የጠባቂዎችን ስም ከሠዓሊዎቹ ስም ጎን መጻፍ ብንለምድ እላለሁ።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ሰኞ ሙዚየሙ ዝግ ነው፣ ሐሙስ ምሽት ሰው ያንሳል። የሙንተር ቤት ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለምትከፈት ጠዋት ሙርናው ደርሳችሁ የመስታወት ሥዕሎቹን ቀድማችሁ እዩ። ሁለት ቀን ካላችሁ ደግሞ እኔ ካደረግኩት ቅደም ተከተል ገልብጡት፤ መጀመሪያ ሙርናው፣ ከዚያ ሌንባኽሃውስ። ሙዚየሙ ውስጥም ብዙ ሰው ወደ ማርክ ፈረስና ወደ ካንዲንስኪ ቢጫ ሲጣደፍ፣ እናንተ ከሙንተር ግድግዳ ጀምሩ።